የእጅ ስልክና የቡና ሚዛን

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ድካሙን የሚያቃልልለትን መሣሪያ ሲፈልግ ኖሯል። ያገኘውም መሣሪያ ሁሉ በአንድ ወገን ይጠቅመዋል፥ በሌላው ወገን ይጎዳዋል። እሳት ያበስላል፤ ያቃጥላልም። ወፍጮ እህል ይፈጫል፤ ጣቱን ያስገባበትን ሰው ግን ጣቱን ይፈጫል። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ወደ አገር በገባ ጊዜ ብልህ ሰው አስቀድሞ የሚመረምረው፥ መሣሪያው በማን እጅ እንዳለና የያዘውም ሰው ምን ያህል እንደሚያውቅበት ነው።

በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ፥ ሰውዬው ሳይታይ ድምፁ ብቻ መሰማቱ ያስደነገጣቸው ሰዎች የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬ ይህን ሰምቶ የሚስቅ ብዙ ነው። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ስልክ በቤተ መንግሥትና በሹማምንት ዘንድ ብቻ ነበረ፤ የእጅ ስልክም በ1991 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሥራ በጀመረ ጊዜ የጥቂቶች ገንዘብ ነበረ። አሁን ግን እስከ ገበሬው ኪስ ድረስ ገብቷል። ገበያው ከሰው ጋር ያድራል፥ ከሰውም ጋር ይነሣል። ቀድሞ ገበሬ ወደ ገበያ የሚሄደው በገበያ ቀን ነበር፤ ዛሬ ገበያው በየሰዓቱ ወደ ገበሬው ቤት ይመጣል።

ይህን ነገር ለማስረዳት የጌዴኦ አገር ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዲላ ይደርሳል፤ ከዲላም በይርጋጨፌ አልፎ ወደ ገደብ ወረዳ የወጣ ሰው ባንኮ ጎቲቲን ያገኛል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የቡና አገር ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ከቡናውም ጋር እንሰት ይተከላል። ሦስቱ በአንድ ጓሮ ሲኖሩ፥ ዛፉ ለቡናው ጥላ፥ ቅጠሉ ለመሬቱ ማዳበሪያ፥ እንሰቱ ለቤተ ሰቡ ምግብ፥ ቡናውም ለግብር መክፈያና ለልብስ መግዣ ይሆናል። የጌዴኦ ሰዎች ይህን ሥርዓት ከአባቶቻቸው ተቀብለው ስለ ጠበቁት፥ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በመስከረም 2016 ዓ.ም የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው።

የባንኮ ጎቲቲ ስም ግን ከዚህ ቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ነበር። በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በሩቅ ምሥራቅ ያሉ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ነጋዴዎች የቀበሌውን ስም በከረጢት ላይ አትመው ይሸጡታል። ይህም የስም ነገር በቀላሉ የመጣ አይደለም። በ1994 ዓ.ም የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ተቋቋመ። በ1999 ዓ.ም የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፥ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች ለማስከበር ስታርባክስ ከተባለው ትልቅ የአሜሪካ ቡና ነጋዴ ጋር ተከራክሮ ተስማማ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ተከፍቶ በሚከተለው ዓመት ቡና ማገበያየት በጀመረ ጊዜ፥ በዚያ የሚያልፈው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይሸጥ ስለ ነበረ የቀበሌው ስም በመንገድ ይቀር ነበር። በ2009 ዓ.ም የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ግን ቡናው የመጣበትን ስፍራ ስም ይዞ ለውጭ ገዢ እንዲደርስ መንገዱን አሰፋው። እንግዲህ ስም ራሱ እንደ ዕቃ ይሸጣል ማለት ነው። የስሙ ባለቤት የሆነው ገበሬ ስሙ ስንት እንደ ተሸጠ ሳያውቅ ቢቀር ግን፥ የገዛ ዛፉን ጥላ ለሌላ ሰጥቶ ፀሐይ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ይሆናል።

የቡና ዋጋ መሠረቱ የሚጣለው ከአገር ውጭ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ባለው ገበያ የዓለም ቡና በየቀኑ ይዋዋሉበታል። በ1994 ዓ.ም መጀመሪያ ብራዚልና ቬትናም እጅግ ብዙ ቡና አምርተው ስለ ነበረ፥ በዚያ ገበያ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከግማሽ ዶላር በታች ወረደ። በየካቲት 2017 ዓ.ም ደግሞ ብራዚልን ድርቅ አግኝቷት ስለ ነበረ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። የገደብ ገበሬ በሁለቱም ዘመን ያው ትጉህ ገበሬ ነበረ፤ ቡናውም ያው መልካም ቡና ነበረ። ዝናቡ በሌላ አገር ቀረ፤ ዋጋው በእርሱ ደጃፍ ተለወጠ። ከዚህም በላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ገንዘብ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ አንድ ዶላር በብር ሲቆጠር ያለው ዋጋ ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር ሆነ።

ስልክ ይህን ሁሉ ወሬ በአንድ ቅጽበት ያመጣዋል፤ ሒሳቡን ግን አያስረዳም። በስልክ የሚሰማው የ4 ዶላር ዋጋ የአንድ ፓውንድ ዋጋ ነው፤ አንድ ፓውንድም 453 ግራም ያህል ስለ ሆነ፥ በኪሎ ሲታሰብ ከ8 ዶላር ከ80 ሳንቲም ያህል ይሆናል። ይህም የተፈለፈለና የደረቀ ቡና ዋጋ ነው። ገበሬው የሚሸጠው ግን ቀይ እሸት ነው፤ አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘትም 6 ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ የኒው ዮርኩ ዋጋ ለአንድ ኪሎ እሸት ሲካፈል ወደ አንድ ዶላር ተኩል ይወርዳል፤ ከዚያም ላይ የማጠቢያው፥ የማድረቂያው፥ የመኪናው፥ የግብሩ፥ የብድሩ ወለድና የነጋዴው ትርፍ ይቀነሳል። ይህን ሒሳብ የማያውቅ ገበሬ በሁለት መንገድ ይሳሳታል፤ ወይም የሌለ ገንዘብ ተዘረፍሁ ብሎ ከማኅበሩና ከጎረቤቱ ይጣላል፥ ወይም በእውነት ሲዘርፉት ዝም ይላል።

ለምሳሌ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ ይባል። አንደኛው በሐምሌና በነሐሴ እጁ ባጠረው ጊዜ፥ በመኸር እሸት አስረክባለሁ ብሎ ዋጋውን አስቀድሞ ቆርጦ ከነጋዴ ገንዘብ ተቀበለ። ኅዳር በገባ ጊዜ ዋጋ ወጣ የሚል ወሬ በስልኩ መጣለት። ብድሩን ቶሎ ከፍሎ የተረፈውን በውድ ለመሸጥ ስለ ቸኮለ፥ ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር አራግፎ ለቀመ፤ ልጁንም ከትምህርት ቤት አስቀርቶ አስለቀመው። በማታ ሚዛኑን ለማያውቀው ሰው ሸጠ፤ ደረሰኝም አልተቀበለም። ሚዛኑ በየ100 ኪሎው 5 ኪሎ ቢያጎድል፥ ከ600 ኪሎ እሸት 30 ኪሎ ጠፋ ማለት ነው፤ ይኸውም 5 ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ጎረቤት ከፊተኛው የበለጠ ሀብት አልነበረውም። ነገር ግን የቀላውን ብቻ እየመረጠ በየጊዜው ተመላልሶ ለቀመ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቀኑን፥ ኪሎውንና ዋጋውን በደብተር ይጽፍለት ነበር። በስልክ የሰማውንም ዋጋ ሌሎች ሁለት ሰዎች ሳይጠይቅ አላመነም። ቡናውን ለማኅበሩ አስረክቦ ደረሰኙን በሣጥን አኖረ፤ የማኅበር ትርፍ ክፍፍል የሚከፈለው ባስረከቡት ኪሎ ልክ ስለ ሆነ፥ ክፍፍሉ በመጣ ቀን ወረቀቱን አውጥቶ ድርሻውን ተቀበለ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስልክ ይዘው ነበር። ልዩነቱ በደብተሩ ላይ ነበረ።

ከሒሳብ ይልቅ የሚያስፈራ ሌላ ነገር አለ። ስልክ የዛሬውን ዋጋ ይናገራል፤ እንሰት ግን ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት የሚፈጅ ተክል ነው። የቡና ወይም የጫት ዋጋ በወጣ ቍጥር እንሰቱን ነቅሎ፥ ዛፉንም ቈርጦ ገንዘብ የሚያመጣውን ብቻ ለመትከል የሚፈተን ሰው ይኖራል። ዋጋው በወረደ ጊዜ ግን ቡና አይበላም፤ ቆጮ ግን ይበላል። የ1994ን ዓ.ም ዋጋ ያየ ሽማግሌ ይህን ያውቃል፤ በ2017 ዓ.ም ዋጋ የተደሰተ ጎልማሳ ግን ላያውቅ ይችላል። እንግዲህ ስልኩ ለልጁ የዕለቱን ነገር ሲያስተምረው፥ የዘመኑን ነገር የሚያስተምረው ማን ነው? ይህ የሽማግሎች ሥራ ነው፤ ማንም መሣሪያ ሊሠራላቸው አይችልም።

ዳሩ ግን ስልክ በሽማግሌው ክብር ላይም ፈተና አምጥቷል። በሶንጎ ተቀምጦ የሰውን ጠብ የሚያበርድ፥ ነገር የሚቈርጥ ሽማግሌ፥ መልእክት በስልኩ በመጣ ጊዜ ከጌዴኦኛ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሆኖ ስለሚያገኘው፥ የልጅ ልጁን ጠርቶ አንብብልኝ ይለዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ስለሚላክና ስለሚቀመጥ፥ የምሥጢር ቍጥሩን ለልጅ ወይም ለማያውቀው ሰው የሚነግር አለ። አታላዮችም ይህን ስለሚያውቁ፥ ሽልማት ደርሶሃል፥ ቍጥርህን ንገረን እያሉ ይደውላሉ። የምሥጢር ቍጥር ማለት የጎተራ ቍልፍ ማለት ነው፤ ማንም ታማኝ ሰው በስልክ ደውሎ የጎተራህን ቍልፍ ስጠኝ አይልም። በመኸር ገንዘብ በተገኘ ጊዜም በስልክ የሚመጣው የዕቃ ማስታወቂያና የኳስ ጨዋታ ውርርድ፥ የዓመቱን ድካም በአንድ ሌሊት ሊያስበላ ይችላል።

ደግሞም አዲስ ሕግ ከሩቅ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም ባወጣው ደንብ፥ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለበት መሬት የበቀለ ቡና ወደ አገሩ እንዳይገባ ወሰነ፤ ደንቡ በሥራ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢዛወርም፥ የእያንዳንዱ ማሳ ስፍራ በቍጥር ተመዝግቦ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ይህን የሚመዘግብ ሰው ስልክ ይዞ ወደ ማሳው ይመጣል። ዛፉን ጠብቆ የኖረ ገበሬ በዚህ ደንብ ሊጠቀም ይገባዋል፤ ነገር ግን የተጻፈው ስም የእርሱ ስም፥ የተጻፈውም ቦታ የእርሱ ቦታ መሆኑን ማንበብ ካልቻለ፥ ጥቅሙ ለሌላ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ነገር መምህራንና ሽማግሎች ሥራውን ተካፍለው ቢይዙት መልካም ነው። አንደኛ፥ መምህሩ የሒሳብ ትምህርቱን ምሳሌ ከቡና ያውጣ፤ ልጆቹ ፓውንዱን ወደ ኪሎ፥ እሸቱን ወደ ተፈለፈለ ቡና መለወጥን ይማሩ። ሁለተኛ፥ በስልክ የሚመጣ መልእክት እንደ ንባብ ትምህርት ይነበብ፤ ማን ላከው፥ ምን ይፈልጋል፥ እውነት ለመሆኑስ ምን ምስክር አለ የሚለውን ልጆቹ መጠየቅ ይልመዱ። ሦስተኛ፥ እያንዳንዱ ተማሪ የቤቱን የመኸር ደብተር ይጻፍ፤ አባቱም በየማታው ይስማው። አራተኛ፥ ሽማግሎች በሶንጎ ተሰብስበው ልጅ በመኸር ወራት ከትምህርት ቤት እንዳይቀር፥ የማይታወቅ ሚዛን በመንደር እንዳይቆም፥ እንሰት የሌለው ጓሮም እንዳይበዛ ይምከሩ። ልጁ ፊደል ለአያቱ ሲያነብ፥ አያቱም ዘመንን ለልጁ ያንብብለት፤ እንዲህ ሲሆን አንዱ ሌላውን አይንቅም።

ስልክን ከአገር ማስወጣት አይቻልም፤ ማስወጣትም አያስፈልግም፤ ሩቁን አቅርቧል፥ የተሰወረውን ዋጋ ገልጧል። ነገር ግን ገበሬው የሰማውን ካልመዘነ፥ የመዘነውንም ካልጻፈ፥ ሌላው መዝኖ ጽፎ ይወስድበታል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለው አባቶች የተናገሩት ለባንኮ ጎቲቲ ቡናም ይሆናል።

እግዚአብሔር ለሽማግሎች ረጅም ዕድሜን፥ ለመምህራን ትዕግሥትን፥ ለልጆችም አስተዋይ ልቡናን ይስጣቸው።