የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሥልጠና



ከሩቅ አውራጃ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ መጽሐፍ ጠይቆ «የለም» ተብሎ ሲመለስ፤ መጽሐፉ ግን በዚያው ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሲገኝ፤ ጉድለቱ የገንዘብ አይደለም። መጽሐፉን መዝግቦ ያኖረው ሠራተኛ ያልተማረው ነገር አለ ማለት ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ በምሥራቅ አፍሪካ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1963 በካምፓላ፣ በማከሬሬ፣ ለጎረቤት አገሮችም ጭምር የሚያገለግል የቤተ መጻሕፍት ሙያ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1990 ለአፍሪካ የታሰበ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የሙያው መማሪያ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት የቤተ ሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው፤ የኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ስም ግን የአባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በፓሪስ የተሰበሰበው ጉባኤ ደራሲ በአገሩ ልማድ ይመዝገብ ሲል ወስኗል፤ ልማዱን የሚያስተምር ግን ከአገሩ ሰው በቀር ማን አለ?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግእዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት ካታሎግ በ1920 ዓ.ም. ያሳተሙ ሰው ናቸው። ያልሠለጠነ እጅ «ሥላሴ» ብሎ ቢመዘግባቸው፤ ከገብረ ሥላሴውም ከኃይለ ሥላሴውም ጋር ተደባልቀው፤ ካታሎግ ያዘጋጁት ሰው በካታሎግ ውስጥ ይጠፋሉ። «ኅሩይ» ተብሎም ነገሩ አያልቅም፤ አንዱ በ«ኅ»፣ ሌላው በ«ህ»፣ ሦስተኛው በ«ሕ» ይጽፈዋልና። በካርድ ዘመን ልምድ ያለው ሠራተኛ ሦስቱንም መሳቢያ ስቦ ማየት ይችል ነበር፤ ኮምፒዩተር ግን አስቀድመው ካላዘዙት በቀር የተጻፈለትን ፊደል ብቻ ይፈልጋል። ዘመኑም እንዲሁ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» «ዓ.ም.» የሚለው ቃል ቀርቶ ቢመዘገብ፤ ለውጭ አገር አንባቢ ከእውነተኛው ጊዜ በስምንት ዓመት ያህል የቀደመ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለው ዕውቀት የሁለት ቀን ስብሰባ ተደርጎ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ የምስክር ወረቀት ታድሎ አይገኝም። ማስተማር የከበደውን ሰው «ቤተ መጻሕፍት ይረፍ» ብሎ የማዛወር ልማድም (በየትምህርት ቤቱ የማያውቀው የለም) ሙያውን አዋርዶታል። አዲስ ሠራተኛ ቢያንስ ጥቂት ወራት በነባር ሠራተኛ አጠገብ ተቀምጦ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ነባሩም ለማስተማሩ የሥራ ሰዓትና ዕድገት ሊታሰብለት ይገባል፤ አለዚያ የሚያውቀውን ይዞ ጡረታ ይወጣል።

ፈተናውም በጽሑፍ ብቻ አይሁን። ለሠልጣኙ ያልተመዘገቡ የግእዝ፣ የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ መጻሕፍት ክምር ይሰጠው፤ መዝግቦም በየቦታው ይደርድራቸው። በማግሥቱ ሌላ ሠልጣኝ መጥቶ በመዝገቡ ብቻ እየተመራ ይፈልጋቸው፤ ያላገኘውንም ሁለቱ አብረው ይፈልጉት።