«አየሁ» ያሉትን ባልቴት ማን አመናቸው?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ ክበብ ስም የተነገረ



 ልንናገር ያሰብነው በቅርቡ በዚሁ አዳራሽ በአንድነት ስላየነው አንድ የቆየ የእንግሊዝ ፊልም ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «በበዓል ቀን የነፍሰ ገዳይ ታሪክ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። እኛም ፊልሙን ከማየታችን በፊት ለጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ለትምህርት ይሆናል ብለን አልገመትንም ነበር። ካየነው በኋላ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስንከራከርበት ሰነበትን፤ የክርክሩም መጨረሻ ወደ ራሳችን ዞረ።

ፊልሙ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. የወጣው «መርደር ሺ ሴድ» የተባለው ነው፤ ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «ግድያ ነው አለች» እንደ ማለት ይሆናል። ወደ ፊት የምንጠራቸውም ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፊልሙን ያዘጋጀው ጆርጅ ፖሎክ ሲሆን፣ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ርዝመቱም ከአንድ ሰዓት ተኩል የማይበልጥ ነው። ታሪኩ የተወሰደው እውቋ እንግሊዛዊት ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በ1957 ዓ.ም. ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ሚስ ጄን ማርፕል ስለሚባሉ አንዲት ባልቴት 12 ረዣዥም ልብ ወለዶችና 20 አጫጭር ታሪኮች ጽፈዋል። ሚስ ማርፕል ባል ያላገቡ፣ በገጠር መንደር የሚኖሩ ሴት ናቸው። የፖሊስ ማዕርግም ሆነ ደመወዝ የላቸውም፤ ያላቸው የሚያይ ዓይንና የሚያመዛዝን ልቡና ብቻ ነው። በፊልሙ ውስጥ እርሳቸውን ሆነው የተጫወቱት ማርጋሬት ራዘርፎርድ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 69 ዓመት ተጠግቶ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። ሚስ ማርፕል ለንደን ውለው ከፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በጎን ባለው ሐዲድ ሌላ ባቡር ይደርስና ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን ይሄዳል። በድንገት የዚያ ባቡር የአንዱ መስኮት መጋረጃ ተስፈንጥሮ ይነሣል። ጀርባውን የሰጠ አንድ ሰው አንዲት ሴት አንቆ ሲገድል ያያሉ። ፊቱን ሳያዩት ያ ባቡር ቀድሞ ያልፋል። የትኬት ተቆጣጣሪውን ጠርተው ቢነግሩት ሲያነቡት የነበረውን የወንጀል ልብ ወለድ ያይና ሕልም ያዩ ይመስለዋል። ነገሩ ወደ ፖሊስ ይደርሳል። ኢንስፔክተር ክራዶክም ያስፈልግና ሬሳ ስላልተገኘ ግድያ አልተፈጸመም ይላቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናዘዝ። ኢንስፔክተሩ ፊቱን ፈገግ አድርጎ ባልቴቲቱን እንደ ሕፃን ሲያባብላቸው እኛም በአዳራሹ ውስጥ ስቀናል። ግድያውን በዓይናችን ያየን እኛ፣ እውነቱን ከእርሳቸው ጋር የምናውቅ እኛ፣ ከማያምናቸው ሰው ጋር አብረን ሳቅን። ፊልሙ ካበቃ በኋላ ከመካከላችን አንዷ ተነሥታ «ለምን ሳቅን?» ብላ ጠየቀች። ለጥቂት ጊዜ መልስ የሰጣት አልነበረም።

በኢንስፔክተሩ ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። አቤቱታውን አልናቀም፤ አስፈልጓል፤ ባልቴቲቱንም በአክብሮት ነው ያነጋገራቸው። ስሕተቱ ሌላ ነው። «አልተገኘም» እና «አልሆነም» የሚሉትን ሁለት ቃላት አንድ አደረጋቸው። ተናጋሪው ወጣት የጦር መኰንን ወይም ሐኪም ቢሆን ኖሮ ምናልባት «የት ሊሆን ይችላል?» ብሎ ሁለተኛ ይጠይቅ ነበር። ተናጋሪዋ የወንጀል መጽሐፍ የሚወዱ ባልቴት ስለ ሆኑ ግን ጥያቄው በዚያው ቆመ።

ሚስ ማርፕል ምን አደረጉ? አላለቀሱም፤ ሰውንም አላሙም። ነገሩን በሥርዐት አሰቡት። ሬሳው በባቡሩ ውስጥ ከሌለ ከባቡሩ ተጥሏል ማለት ነው፤ ከተጣለ በሐዲዱ ዳር ምልክት መገኘት አለበት። ስለዚህ ከሚያምናቸው ከአንድ ወዳጃቸው፣ ከመጻሕፍት ቤት ኃላፊው ከሚስተር ስትሪንገር ጋር የሐዲድ ሠራተኛ ልብስ ለብሰው ፍለጋ ወጡ። (ይህን ሰው ሆነው የተጫወቱት ስትሪንገር ዴቪስ በእውነተኛው ኑሮም የማርጋሬት ራዘርፎርድ ባል ነበሩ።) የተገኘውም ምልክት አከንቶርፕ ሆል ወደሚባል ትልቅ ግቢ አመለከታቸው። ወደዚያ ግቢ ለመግባት ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው በገረድነት ተቀጠሩ።

ከዚህ በላይ ያለውን አንናገርም። ገዳዩን አስቀድሞ መናገር ፊልሙን ገና ያላየውን ሰው ደስታ መስረቅ ነው። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ሚስ ማርፕል በዚያ ቤት እየጠረጉና ምግብ እያበሰሉ በየማእዘኑ ይመለከታሉ፤ በየበሩም ይሰማሉ። ባለጠጎቹ ወንድማማቾች ገረድ ቆማለች ብለው ንግግራቸውን አያቋርጡም። የክርክራችን ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የፖሊሶቹን ጆሮ የደፈነው ንቀት የነፍሰ ገዳዩንም ዓይን ጋረደው። ባልቴቲቱን ማንም ከቁም ነገር ስላልቈጠራቸው ሁሉን ለማየት ቻሉ። እንግዲህ ንቀት የሚጎዳው የተናቀውን ብቻ አይደለም፤ ናቂውንም ዕውር ያደርገዋል።

በክበባችን ውስጥ መጽሐፉን ያነበቡ ጓደኞቻችን ደግሞ ሌላ ነገር አነሡ። በመጽሐፉ ውስጥ ግድያውን የምታየው የሚስ ማርፕል ወዳጅ ሚስስ ማክጊሊከዲ ናት፤ ወደ ግቢው ገብታ በሠራተኝነት የምታገለግለውም ሉሲ አይልስባሮ የምትባል የተማረች ወጣት ናት። የመጽሐፉ ሚስ ማርፕል ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሹራባቸውን እየሠሩ በሐሳብ የሚመራመሩ ናቸው። ፊልሙ ግን የሦስቱን ሥራ ለአንዲት ወፍራምና ደፋር ባልቴት ሰጠ፤ ብዙ ሳቅም ጨመረበት። ከእኛ ግማሾቹ «መጽሐፉ ይበልጥ ይታመናል» አሉ፤ በዚህ እውነት አላቸው። ሌሎቻችን ግን ፊልሙን መረጥን፤ ምክንያቱም «ተሳስተዋል» የተባሉት እርሳቸው ራሳቸው መጥረጊያውን አንሥተው እውነቱን ሲፈልጉ እናያለን። ደራሲዋም በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙትን ሌላ የሚስ ማርፕል መጽሐፍ ለማርጋሬት ራዘርፎርድ መታሰቢያ አድርገውላቸዋል። ተዋናይዋ ይህን ሥራ እስከ 1964 ዓ.ም. በወጡ አራት ፊልሞች ተጫውተውታል።

አንድ አስገራሚ ነገር እንጨምር። በዚያው ግቢ ሚስስ ኪደር የምትባል ሌላ ሠራተኛ አለች። ፊልሙን ስናይ ማናችንም ልብ አላልናትም። እርሷን ሆነው የተጫወቱት ጆአን ሂክሰን ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከ1984 እስከ 1992 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ራሳቸው ሚስ ማርፕልን ሆነው ታላቅ ዝና አተረፉ። እንግዲህ ስለ መናቅ በሚናገር ፊልም ውስጥ እንኳ እኛ ሌላዋን ሠራተኛ ሳናያት አለፍን!

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል በዚህ ግቢ በጽዳት ሥራ የሚያገለግሉ አንዲት እናት ወደ ክበባችን ክፍል መጥተው «ልጆቼ፣ ከመደርደሪያው ኋላ ግድግዳው ውሃ ያስገባል፤ አይቻለሁ፤ መጻሕፍቱን አንሡ» ብለውን ነበር። እኛም «እሺ እማማ» አልናቸው። ግድግዳውን ከፊት ለፊት አየነው፤ ደረቅ ነበር። መደርደሪያውን ፈቀቅ አድርጎ ኋላውን ለማየት የተነሣ ግን አልነበረም። በመስከረም ክፍሉን ስንከፍት ሁለት መደርደሪያ ሙሉ መጻሕፍት ሻግተውና ተጣብቀው አገኘናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹን ከእኛ በፊት የተማሩ ልጆች ከኪሳቸው አዋጥተው የገዟቸው ነበሩ። የዝናቡን ጥፋት ለሁሉም ተናገርን፤ «ተነግሮን ነበር» ያለ ግን ከመካከላችን አልተገኘም። ፊልሙን አይተን «ለምን ሳቅን?» እስከ ተባለበት ቀን ድረስ ነገሩን ደብቀነው ነበር።

እኒያ እናት ዛሬ በዚህ አዳራሽ በስተኋላ ተቀምጠዋል። እማማ፣ አንቱ አልንዎት እንጂ አልሰማንዎትም። አንቱ ማለት ብቻውን ማክበር አለመሆኑን ዘግይተን ተረድተናል። በመምህሮቻችንና በወላጆቻችን ፊት ይቅርታ እንጠይቅዎታለን።

ይህን ስንል የተነገረው ሁሉ ይታመን ማለታችን አይደለም። ሚስ ማርፕል ራሳቸው «እመኑኝ» ብለው አልተቀመጡም፤ ማስረጃ ፍለጋ ወጡ እንጂ። የምንለው፣ ነገር የሚመዘን በተናጋሪው ልብስና ዕድሜ ሳይሆን በነገሩ በራሱ ይሁን ነው። «አየሁ» ለሚል ሰው የሚገባው ፈገግታ ሳይሆን ተነሥቶ አብሮ ማየት ነው። አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ፤ ነገር ግን እኛ እያወቅን ካዘገየነው እስኪጠራ ድረስ የሚሻግተው ብዙ ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን የሚሰሙና የሚመረምሩ ልጆችን ያፍራ።