«እርጩ» የሚለው ማን ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ዛሬ ዝዋይ፣ ሆለታና ቢሾፍቱ አካባቢ ወዳሉት የጽጌረዳ እርሻዎች እንሄዳለን።

የጽጌረዳ ዋነኛ ጠላት ከቅጠል ጀርባ ተጣብቃ ጭማቂውን የምትመጥ፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቀይ ሸረሪት ናት። ቶሎ ትራባለች፤ ኬሚካሉንም ትለማመደዋለች። ስለዚህ ርጭቱ እየበዛ ይሄዳል፤ ጉዳቱም ለሠራተኛው ሳንባ፣ ለአፈርና ለሐይቅ ይተርፋል። ሌላም መንገድ አለ፤ እሷን የሚበላ፣ ፋይቶሲዩለስ የሚባል የሸረሪቷን ዘመድ ማሳው ላይ መልቀቅ። አገራችን ውስጥ ብዙ እርሻዎች ሞክረውታል።

አመራር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በላተኛው ተራብቶ እስኪያሸንፍ ሳምንታት ይወስዳል። በዚህ መሃል ቅጠሉ ይገረጣል፤ የአውሮፓ ገዢዎች የሚጠብቁት የካቲት 7፣ የፍቅረኞች ቀን፣ ይቃረባል። የተደናገጠ ሥራ አስኪያጅ «እርጩ!» ካለ፣ ጠንካራው ኬሚካል ወዳጁንም ጠላቱንም ይፈጃል። ቀድማ የምታገግመው ግን ሸረሪቷ ናት። የወራት ልፋት በአንድ ትእዛዝ ይጠፋል።

(አጭር ሙዚቃ)

የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራቾችና ላኪዎች ማኅበር በፈረንጆቹ 2007 ያወጣው የአሠራር ደንብ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚሉ ደረጃዎች አሉት። ጥሩ መነሻ ነው። እኔ ግን ከደረጃው በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ በየረድፉ እየዞሩ ቅጠል የሚገለብጡት ተቆጣጣሪ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ «ቆዩ፣ በላተኛው እየበዛ ነው» ሲሉ የሚሰማቸው አለቃ አለ ወይ? ያ አለቃ ከባለቤቱ ጋር ስለ ትዕግሥቱ ዋጋ የሚስማማው የካቲት ከመድረሱ በፊት፣ ገና በመስከረም መሆን አለበት።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል)