የመኪና ጥገና ሥልጠና፦ ምን ያስወጣል፣ ምን ያስገኛል?

በተመራቂዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



ፕሮግራሙ ላይ ስሜን ከዚህ ርዕስ ጎን ስታዩ የጽሑፍ ስህተት የመሰላችሁ አላችሁ፤ ሁለት ሰው ደውሎ ጠይቆኛል። ስህተት አይደለም። ማኅበራችን ከሚሰበስበው መዋጮ ላይ፣ 12ኛ ክፍል ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ላልገቡ ወጣቶች የመኪና ጥገና ሥልጠና ይክፈል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሒሳቡን አይታ ትምጣ ተብዬ የተላክሁት እኔ ነኝ። ለምን ሐኪም ተመረጠ ብትሉ፣ የጋራዥ ልጆችን ጣት ስሰፋ ስለኖርኩ ይመስለኛል።

የጉዳዩን ስፋት መምህራኑ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2፣ ከ2016ቱ 5.4፣ ከ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ሬሜዲያል የሚገባው ገብቶ፣ የቀረው ልጅ የት ይሂድ? አብዛኛው ቤተሰብ መጀመሪያ ከሚያነሳቸው ሙያዎች አንዱ መኪና ነው። መኪና ሁልጊዜ ይበላሻላ!

የእህቴ ልጅ የእሱ ውጤት የመጣ ዕለት፣ «አክስቴ፣ ጋራዥ ብገባ ታፍሪብኛለሽ?» አለኝ። «አላፍርም፤ ግን ስንት እንደሚያስወጣና መቼ እንደሚመልስ አብረን እናስላ» ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ያን ወረቀት አሻሽዬ ነው ያመጣሁላችሁ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የወሰድኳቸው ናቸው፤ በየከተማችሁ ባለው ዋጋ ቀይሯቸው።

አንድ የግል ኮሌጅ በወር 3,000 ብር ያስከፍላል እንበል። ሥልጠናው 12 ወር ቢሆን ክፍያው 36,000 ብር ነው። ትራንስፖርት በወር 1,500 ብንል 18,000 ይመጣል። መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መለኪያ የያዘ የራሱ የዕቃ ሣጥን 40,000። አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው አለ፤ ልጁ ሥልጠና ባይገባ በቀን ሥራ በወር 6,000 ብር ያገኝ ነበር ካልን፣ በዓመት ያላገኘው ገንዘብ 72,000 ነው። ድምሩ 166,000 ብር። ኮሌጁ በር ላይ የተለጠፈው ክፍያ ከዚህ ውስጥ ከአምስት አንድ እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከድሃ ቤት የመጣ ልጅ ሥልጠና የሚያቋርጠው በአብዛኛው በቀሩት አራት እጆች ምክንያት ነው፤ ታናናሾቹ ቤት ውስጥ ይጠብቁታል፣ የታክሲ ሳንቲም የለም፣ ምሳ የለም።

በመንግሥት ኮሌጅ መደበኛው ፕሮግራም ክፍያው በጣም ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ሌላው ወጪ እዚያው ነው። እዚህ ላይ እኛን ራሳችንን አስቡን። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ዶርም ነበረን፣ ካፌ ነበረን። (የካፌውን ወጥ የምታሙ ታውቃላችሁ፤ ግን ተርበን አላደርንም።) በ1996 ዓ.ም. ወጪ መጋራት ከመጣ በኋላ የገቡትም ቢሆኑ ፈርመው ተምረው፣ ሥራ ከያዙ በኋላ ነው ከደመወዛቸው የሚከፍሉት። ፈተናውን ያለፈ ልጅ መንግሥት አብልቶና አሳድሮ በዱቤ ያስተምረዋል። የወደቀው ግን የምሳውንም የአውቶቡሱንም ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ወደ ገቢው እንምጣ። ልጁ ተመርቆ ከቀን ሠራተኛው በወር 2,500 ብር ብቻ ቢበልጥ፣ 166,000ው የሚመለሰው በ66 ወር፣ ማለትም በአምስት ዓመት ተኩል ነው። በ5,000 ብር ቢበልጥ ሦስት ዓመት አይሞላም። ታዲያ ልዩነቱን የሚፈጥረው ምንድነው? ያነጋገርኳቸው ባለ ጋራዦች ሁሉ አንድ ነገር ነው የነገሩኝ፦ የራሱ ዕቃ ያለው ልጅ በፐርሰንት ይሠራል፣ ዕቃ የሌለው መፍቻ እስኪለቀቅለት ቆሞ ይጠብቃል ወይም ዕቃ ያጥባል። አንድ ቀን አንድ ኮሌጅ የተመረቁ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ሣጥን ስላለው ብቻ በሁለተኛው ዓመት በገቢ ይራራቃሉ።

ኮሌጅ ሳይገባ በረዳትነት የሚጀምርም አለ። ክፍያ የለበትም፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብም ያገኛል፤ በወረቀት ላይ ርካሹ መንገድ ይሄ ነው። ጣጣው፣ ጌታው ማስተማር ካልፈለገ ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲያስር ይከርማል። ደግነቱ የብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲ የምንለው፣ በሥራ ላይ ለተማረም ክፍት ነው። ስለዚህ የረዳቱን ልጅ የምዘና ክፍያ መሸፈን በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ነገር የሚገዛ ይመስለኛል። ኮሌጅ ለምንመርጥለት ልጅ ደግሞ ከክፍያው በፊት የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ባለፈው ዓመት ከተመረቁት ስንቱ ሲኦሲ አለፉ? ስንቱ አሁን ጋራዥ ውስጥ ናቸው? አንድ ሞተር ለስንት ተማሪ ነው የሚፈታው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ኮሌጅ ሕንፃው ቢያምርም ገንዘባችንን ባናሳየው ይሻላል።

ሦስትና አምስት ዓመት ወደፊት ስናሰላ ግን መኪናውም እየተቀየረ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነግሯል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቢዋይዲና የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪኖችን በየመንገዱ ታያላችሁ። ዘይትና ካንዴላ መቀየር፣ ፍሪሲዮን ማውረድ፣ የጀማሪ ሜካኒክ እንጀራ የነበሩት እነዚህ ሥራዎች በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሉም። የፍሬን ሸራ እንኳ ቶሎ አያልቅም፤ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ኃይሉንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። የሚቀረው መሪው፣ ኩሽኔታው፣ ጎማው፣ ላሜራና ቀለሙ፣ ደግሞም ኤሌክትሪኩ ነው።

ይሄ ማለት የነዳጅ መኪና ሜካኒክ ነገ ሥራ ያጣል ማለት አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም ካስወደደ ወዲህ፣ ባለ ቪትዝና ባለ ኮሮላ ያለውን እየጠገነ ነው የሚነዳው፤ ለብዙ ዓመትም ይነዳዋል። ነገር ግን ዛሬ የ18 ዓመት ልጅ አስገብተን ስለ ካምቢዮና ስለ ፒስተን ብቻ አስተምረን ብናስወጣው፣ የሥራ ዘመኑን ግማሽ ብቻ ነው የከፈልንለት። የመኪና ኤሌክትሪክና በኮምፒውተር ብልሽት መለየት የሌለበት ሥርዓተ ትምህርት ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ሙያ ልናገር፤ ይህ ወጪ በማንም ደረሰኝ ላይ አይወጣም። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ገብቶ ክሪኩ የከዳው ልጅ ይመጣል። ደህና ማቆሚያ ብረት ወይም ጠንካራ ታኮ ቢኖር አይመጣም ነበር። በቱቦ ቤንዚን በአፉ ስቦ ወደ ሳንባው የገባበት ይመጣል፤ እናቱ ወተት አጠጥታው፣ አንዳንዴ አስመልሳው ነው የምታደርሰው፤ ማስመለሱ ደግሞ ቤንዚኑን እንደገና ወደ ሳንባ ይልከዋል። የባትሪ አሲድ ዓይኑ የገባበት ልጅ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ዓይኑን በብዙ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳያጥብ በታክሲ ይመጣል። ሙቅ ራዲያተር ከፍቶ ፊቱ የተቃጠለም አለ። ቀስ ብለው የሚመጡትም አሉ፦ ያለ ተገቢ ጭምብል ሁለት ውሁድ ያለው የመኪና ቀለም የሚረጨው ልጅ አስም፣ እጁን በቤንዚን የሚታጠበው የቆዳ በሽታ ያገኛቸዋል። ከላይ ባሰላነው ሒሳብ፣ ሁለት ወር አልጋ ላይ የተኛ ሜካኒክ የሁለት ወር ገቢ አጥቶ መድኃኒት ገዛ ማለት ነው፤ ጣቱን ያጣ እንደሆነማ ሒሳቡ እዚያው ይቆማል።

ኤሌክትሪኩ አዲስ አደጋ ይዞ መጥቷል። ልጆቹ የለመዱት ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ ቢነኩትም አይነዝርም። የኤሌክትሪክ መኪናው ዋና ባትሪ ብዙውን ጊዜ ወደ 400 ቮልት ነው፣ 800 የሚደርስም አለ። ብርቱካናማውን ገመድ ያለ ልዩ ጓንት የነካ፣ ወይም ኃይሉን አቋርጦ ጥቂት ደቂቃ ሳይጠብቅ የከፈተ ልጅ ወደ እኔ ላይደርስ ይችላል።

ስለዚህ ኮሚቴው ካቀረበው ጋር የማልስማማው በአንድ ነገር ነው። ረቂቁ ገንዘቡን በሙሉ ለኮሌጅ ክፍያ መድቦ 20 ልጅ እናሠለጥናለን ይላል። እኔ የምለው 20ው 8 ወይም 9 ይሁኑ። በተቻለ መጠን በመንግሥት ኮሌጅ መደበኛ ፕሮግራም ይግቡ፤ የኛ ገንዘብ ለምሳቸው፣ ለትራንስፖርታቸው፣ ለሲኦሲ ምዘናቸውና ለዕቃ ሣጥናቸው ይዋል። ሣጥኑ ውስጥ መነጽርና ጓንት ይኑር፤ ተለማምደው የሚሠሩበት ጋራዥም የመኪና ማቆሚያ ብረት ያለው ይሁን። ቁጥሩ ማነሱ ሪፖርት ላይ አያምርም፤ አውቃለሁ። ሃያ ጀምረው አሥራ ሁለቱ ከሚያቋርጡ ግን ዘጠኙ ቢጨርሱ እመርጣለሁ።

ሣጥኑ የማን ይሁን የሚለው ላይ ትናንት ማታ ከሥራ አስፈጻሚው ጋር ተከራክረናል። እነሱ በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፣ ልጁ እንዳይሸጠው ይላሉ። የእኔ ሐሳብ ግማሹ ዕቃ ሥልጠናው ሲጋመስ፣ ቀሪው ሲኦሲ ያለፈ ዕለት ይሰጠው፣ ሲሰጠውም የራሱ ይሁን ነው። ሁለቱም ሐሳብ ከቡና በኋላ ለድምፅ ይቀርባል።