ለከተማችን ዛፍ ማቀድና ገንዘብ ማፈላለግ፦ ከችግኙ በፊት ውኃው ይቆጠር
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን የከተማ ደን ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ የከተማ ዛፍ የማዘጋጃ ቤት ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ እንነሣ። ክረምት ሲገባ ከከተማው ቆርቆሮ ጣሪያና ከተደለደለው መንገድ የሚወርደው ጎርፍ መድረሻው የት ነው? ከከተማው ግርጌ ያለው ማሳችሁ ነው። በገበያ ቀን ቅቤና ቃሪያ ይዞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚቀመጠውስ ማን ነው? የእናንተው ቤተሰብ ነው። ከተማው ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሲያጥረው መጥረቢያው የሚዞረው ወደ እናንተ ተራራ ነው። ስለዚህ የከተማው ዛፍ የገበሬውም ጉዳይ ነው።

እንጨት ያጣ ከተማ ምን እንደሚገጥመው ከታሪካችን እናውቃለን። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉ የተስፋፋው ደግሞ የተከለው ሰው ተጠቃሚ በመሆኑ ነው። ተካዩ ጥቅሙን ካላየ ዛፉን የሚጠብቀው አይኖርም።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው። ዛፍ መትከል ርካሽ ነው፤ ማጽደቅ ግን ውድ ነው። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ይተክላል። ጉድጓድ መቆፈር የለመድነው ነው። ችግሩ የሚመጣው ኅዳር ላይ፣ ፀሐዩ ሲጠና፣ ፍየሉ ሲለቀቅና ውኃ የሚያጠጣ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ዕቅዳችን «ስንት ችግኝ እንትከል?» ብሎ መነሣት የለበትም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስንቱን መንከባከብ እንችላለን?» ብሎ ይነሣ።

እስቲ አብረን እናስላ። መንገድ ዳር 100 ችግኝ ተከልን እንበል። በመጀመሪያው በጋ እያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ቢያገኝ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ 28 ሳምንት አለ። ይህ 2,800 ጀሪካን ነው። በከተማችሁ አንድ ጀሪካን ውኃ ከነማመላለሻው 5 ብር ቢሆን 14,000 ብር ይመጣል። እናንተ በአካባቢያችሁ ዋጋ አስሉት። በሁለተኛው በጋ በየሁለት ሳምንቱ ብናጠጣ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል፤ በሦስተኛው ደረቁን ወራት ብቻ ማሳለፍ ነው። አጥርና ጥበቃ ሲጨመር፣ የችግኙ መግዣ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሒሳቡ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ቁጥሩን ወደ 40 አውርዱት። 40 ተክሎ 36 ማጽደቅ፣ 400 ተክሎ 30 ከማጽደቅ ይበልጣል።

ዕቅዱ አራት ነገሮችን ይመልስ።

አንደኛ፣ ቦታው የት ነው? ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ወንዝ ዳሩን፣ ቦረቦሩንና በከተማው ጠርዝ ያለውን የተራቆተ ኮረብታ በእግራችሁ ዞራችሁ መዝግቡ። መንገዱ ወደፊት የሚሰፋ እንደሆነ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። ይህ ካልተጠየቀ የአምስት ዓመት ዛፍ በአንድ ቀን ይነቀላል።

ሁለተኛ፣ የቱ ዛፍ ለየትኛው ቦታ? ለገበያ ጥላ ዋንዛና ግራር፣ ለወንዝ ዳር ሾላና ዶቅማ፣ ለቦረቦር ሰስባንያና የዝሆኔ ሣር፣ ለትምህርት ቤትና ለቤተ እምነት ግቢ ወይራ፣ ጥድና ዝግባ ይስማማሉ፤ የአካባቢያችሁን ደጋና ቆላ አይታችሁ ምረጡ። ባሕር ዛፍ ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ውኃና ከእርሻ ይራቅ። ረጅም ዛፍ ከኤሌክትሪክ መስመር በታች፣ ሥሩ የሚሰፋ ዛፍ ደግሞ ከቤት መሠረት አጠገብ አይተከል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻም አትትከሉ። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው በዲከረንስ ከሰል ብዙ ተጠቅሟል፤ የዝገት በሽታ ሲገባ ግን በዚያው አንድ ዛፍ ላይ የተመሠረተው ሁሉ አብሮ ተጎዳ።

ሦስተኛ፣ ባለቤቱ ማን ነው? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደንን ለይቶ ያውቃል። የእናንተ ከየትኛው እንደሆነ፣ ማን እንደሚቆርጥና ገቢው የት እንደሚገባ ከመትከላችሁ በፊት በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ዛፉ ሲያድግ ጠብ የሚነሣው መጀመሪያ ላይ ባልተጻፈ ነገር ነው።

አራተኛ፣ ማን ይንከባከባል? «ሕዝቡ» ማለት ማንም ማለት ነው። እያንዳንዱ ዛፍ የሚታወቅ ተንከባካቢ ይኑረው፤ ሱቁ በር ላይ ያለውን ባለሱቁ፣ በትምህርት ቤት ያለውን ክፍሉ ይረከብ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ።

የመጀመሪያው ምንጭ ጉልበታችን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ያንን 100 ችግኝ 20 አባወራና እማወራ ቢካፈሉት፣ ለአንዱ ቤት በሳምንት አምስት ጀሪካን ብቻ ይደርሳል። ይህን ጉልበት በብር ተምናችሁ በዕቅዱ ላይ ጻፉት። ድጋፍ የሚሰጥ አካል መጀመሪያ የሚያየው እናንተ ያዋጣችሁትን ነው።

ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት በጀት ነው። እዚህ ላይ ወሩን ልብ በሉ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዘር የሚዘራው ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ ጉድጓድ የሚቆፈረው ሚያዝያና ግንቦት ነው። ይህ የአሮጌው በጀት ሥራ ነው። ተከላው፣ አጥሩና የበጋው ውኃ ደግሞ በአዲሱ በጀት ላይ ያርፋል። አንድ ተከላ ሁለት በጀት ይነካል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ለችግኝ ተይዞ ለውኃ ሳይያዝ የሚቀረው ለዚህ ነው። ጥያቄያችሁ በጀቱ በሚዘጋጅበት ወቅት፣ ከሐምሌ ብዙ ቀድሞ ይቅረብ፤ የውኃና የጥበቃ መደብም ለብቻው ይጻፍበት።

ሦስተኛው ከመሬቱ ራሱ የሚገኝ ገቢ ነው። ከንክኪ የተከለለው ቦረቦር በመጀመሪያው ዓመት ሣር ይሰጣል። ሣሩ ታጭዶ የሚሸጠው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው የውኃ ወጪ በሚጀምርበት ሰዓት ነው። በተራቆተው ኮረብታ ደግሞ ከውኃና ከእርሻ የራቀ ግማሽ ሄክታር ለገቢ ቢለይ፣ በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት 1,250 ባሕር ዛፍ ይይዛል። ይህ ቦታ ለአጣና ይቆረጣል፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የገበያው ጥላ አይሸጥም፤ ኮረብታው ግን ሊደጉመው ይችላል።

አራተኛው ዕድሮች፣ ነጋዴዎች፣ እንዲሁም በሌላ ከተማና በውጭ አገር ያሉ የከተማው ተወላጆች ናቸው። እነዚህን ስትጠይቁ «ለዛፍ ርዱን» አትበሉ። «ይህችን አንድ ዛፍ ሦስት ዓመት ለማሳደግ ይህን ያህል ብር ያስፈልጋል» በሉ። ገንዘቡ በባንክ ሒሳብ፣ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ገቢና ወጪው በዕድሩ ስብሰባ ላይ ይነበብ።

ችግኝ ጣቢያ ላላችሁ ይህ ገበያም ነው። ለመንገድ ዳር የሚፈለገው አንድ ሜትር ገደማ የደረሰ ጠንካራ ችግኝ ነው። ወይራ፣ ጥድና ዝግባ ከባሕር ዛፍና ከግራቪሊያ ይልቅ ረጅም ጊዜ ስለሚወስዱ ውሉን ቀድማችሁ ያዙ። ክፍያው ከፊሉ ሲተከል፣ ከፊሉ በሚቀጥለው ሰኔ በጸደቀው ቁጥር ልክ ቢሆን፣ ጥሩ ችግኝ የሚያዘጋጅ ሰው ይጠቀማል።

በተከላው ቀን ሦስት ነገር አትርሱ። የከተማ አፈር የተረጋገጠ ስለሆነ ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ይኑረው። የላዩ አፈር ለብቻ ተቀምጦ ከኮምፖስት ጋር ይመለስ። ፕላስቲኩ ተቀዶ ይውጣ።

ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ የልማት ቡድናችሁን ሰብስቡና አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ። ውኃውን በጀሪካን ቁጠሩ፤ ተንከባካቢዎቹን በስም መዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ የችግኙን ቁጥር ወስኑ። ቆጠራውን ሐምሌ ላይ አትዝጉት። ጥቅምት ላይ አንድ ጊዜ፣ በጋው ካለፈ በኋላ ሰኔ ላይ ሌላ ጊዜ ቁጠሩ። ለማዘጋጃ ቤቱም ለዕድሩም የሚቀርበው ሪፖርት የሰኔው ቁጥር ይሁን።

 አሁን በየቡድናችሁ ሆናችሁ የመረጣችሁትን ቦታ ሒሳብ እንሥራ።