ናፍታ ቆጣቢው ሳጥንና የወረዳ አምቡላንሶቻችን
(ዲላ፣ በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የንግግሬን ርዕስ ፕሮግራሙ ላይ ያነበባችሁ አንዳንዶቻችሁ ጠዋት ሻይ ላይ «ዶክተር፣ ጋራዥ ከፈትሽ እንዴ?» ብላችሁ ቀልዳችሁብኛል። አልከፈትኩም። ለማታውቁኝ፣ እዚህ ግቢ ስገባ ስሙ ገና የዲላ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፤ በጤና መኮንንነት ስወጣ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ነበር። ሕክምናውን በኋላ ሌላ ቦታ ተማርኩ። አሁን የምውለው ማዋለጃ ክፍል ነው። ስለ መኪና የማውቀውም ማዋለጃ ክፍል በር ላይ ከሚቆሙት አምቡላንሶችና ከወንድሜ ፒክአፕ ነው።

ነገሩን ያመጣው ያለፈው ዓመት ስብሰባችን ነው። ለወረዳ አምቡላንሶች ገንዘብ እናዋጣ ተባለ፤ ተዋጣም። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ገንዘቡን በየጊዜው ለናፍታ ከመስጠት ይልቅ አንዴ «ቺፕ» ወይም «ቱነር» የሚባለውን ሳጥን ገዝተን እናስገጥምላቸው የሚል ነበር። ሻጮቹ ጉልበት ይጨምራል፣ ናፍታም እስከ 20 በመቶ ይቆጥባል ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ በፊት ይህን ሳጥን ለአምስት ወር የተከታተለ ሰው መስማት አለባችሁ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ሐሳቡ ለምን እንደሚያጓጓ እኔም ይገባኛል። በ2014 ክረምት መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር አንድ ሊትር ናፍታ አዲስ አበባ ላይ 49 ብር አካባቢ ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 99 ብር ገባ፤ ከዚያም ወዲህ አልቆመም። ማደያው ሲደርቅ በሃይላንድ የሚሸጠውን ዋጋ እናንተው ታውቁታላችሁ።

እስቲ ወደ ጉዞ እንለውጠው። ከቡሌ ዲላ 30 ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። አንድ ላንድክሩዘር በዚያ ዳገትና ቁልቁለት በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ያህል ቢበላ፣ ደርሶ መልሱ 9 ሊትር ነው። እኛ ጋ ካልተቻለና እናቲቱ ወደ ሀዋሳ ከተላከች 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ያንኑ መመለስ ነው፤ በ13 ሊትር ብናሰላው 23 ሊትር ይሆናል። በ2014ቱ ዋጋ 1,150 ብር አይሞላም ነበር፤ በ2017ቱ ዋጋ 2,300 ብር ገደማ። የወረዳው በጀት ግን በዚያ ልክ አላደገም። በጀቱ ሲያልቅ መኪናው ይቆማል፤ ወይም ቤተሰብ ሌሊት ጎረቤት እየዞረ ያዋጣል።

የጤና ተማሪ የነበራችሁ «ሦስቱ መዘግየቶች» የምንለውን አትረሱም፤ ታዴየስና ሜይን በ1994 እ.ኤ.አ. የጻፉትን። ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልቆመ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከሁለተኛው መዘግየት ላይ የሚቀነስ ነገር ሁሉ ለእኔ ወሬ አይደለም፤ ሳጥኑ እውነት የሚቆጥብ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ወንድሜ ፒክአፕ ልምጣ። ባለ 2.4 ሊትር ናፍታ ሀይሉክስ ናት፤ ቡና ትጭናለች፣ ሰው ትጭናለች፣ ለቅሶም ትሄዳለች። አንድ ጋራዥ ሳጥኗን በ28,000 ብር ሊሸጥለት ተስማማ፤ መጀመሪያ ግን ገጥሞ እንዲያሞክረው ሰጠው። ወንድሜ በሁለተኛው ቀን ደወለልኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይቺ መኪና ወጣት ሆነችልኝ! ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ብታዪ ናፍታዋም ቀንሷል።» እኔም ሳጥኑ ተሰክቶ፣ ተነቅሎ፣ እየተፈራረቀ ይመዘን አልኩት። ለአንድ መድኃኒት የምናደርገውን ለሳጥኑም እናድርግ ማለቴ ነው። ስድስት ታንከር ከሳጥኑ ጋር፣ ስድስት ታንከር ያለ ሳጥኑ። ሁልጊዜ ከአንድ ማደያ፣ ከአንዱ መቅጃ፣ ታንከሩ አፉ ድረስ እስኪሞላ። መንገዱም የዘወትር መንገዱ፤ ከዲላ በወናጎ ይርጋጨፌ፣ አንዳንዴ ወደ ገደብ። በናፍታ ወረፋው ምክንያት አምስት ወር ፈጀ። ወረፋ ላይ ቆሞ «እስከ አፉ ሙላልኝ» ማለት ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ወንድሜ ይንገራችሁ።

ያለ ሳጥኑ ዳሽቦርዱ በ100 ኪሎ ሜትር 9.8 ሊትር ይል ነበር፤ ታንከሩን ሞልተን ስንለካ 10.1 ሆነ። ከሳጥኑ ጋር ዳሽቦርዱ 8.9 አለ። ታንከሩስ? 10.3።

ይኼ ቁጥር ለአንድ መኪና ብቻ ነው፤ የ0.2 ልዩነቷም ከታንከር ታንከር ከሚለዋወጠው ያነሰች ስለሆነች ሳጥኑ ናፍታ ያስበላል ብዬ አልከራከርም። እኔን የገረመኝ የዳሽቦርዱና የታንከሩ መራራቅ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል። በአዲሶቹ የናፍታ ሞተሮች ናፍታው በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይጠራቀምና ከዚያ በኖዝሎቹ በኩል ይረጫል። ቧንቧው ላይ ግፊቱን ለመኪናው ኮምፒውተር የሚናገር መለኪያ አለ። ሳጥኑ በመለኪያውና በኮምፒውተሩ መካከል ገብቶ ይቀመጣል፤ ግፊቱን ከእውነተኛው አሳንሶ ይናገራል። ኮምፒውተሩም «አነሰ» ብሎ ግፊቱን ይጨምራል፤ ከኖዝሉ የሚረጨው ናፍታ ይበዛል፤ ጉልበቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የምታነቡት ፍጆታ ግን ኮምፒውተሩ ረጨሁ ብሎ የሚያስበው እንጂ በእርግጥ የተረጨው አይደለም። ቴርሞሜትሩ ሁለት ዲግሪ አሳንሶ እንዲያነብ አድርጋችሁ «ትኩሳቱ ወረደ» እንደማለት ነው። ልጁ ግን እየተቃጠለ ነው።

መኪናው የምርመራ መሰኪያ ላይ የሚሰካው ርካሹ ዓይነትም አለ። ከእነዚህ ውስጥ ተከፍተው ሲታዩ ብልጭ ድርግም ከሚል መብራት በቀር ምንም የሌላቸው ተገኝተዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ባለፉት አሥርት ዓመታት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን ገምግሞ የሚያወላዳ አላገኘም። ሀቁን ለመናገር፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ራሱን በሚገባ አስተካክለው የሚጽፉ ባለሙያዎች አሉ፤ አነዳዱ ሳይለወጥ በከፍተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ጥቂት በመቶ ሊተርፈው ይችላል። ግን ጉልበት ያገኘ ሾፌር ቀስ ብሎ ሲነዳ አይታችኋል? ወንድሜ አልነዳም።

ደግሞ አገራችን ከፍታ ነው። የአየሩ ግፊት ዲላ ላይ ከባሕር ጠለሉ 83 በመቶ ያህል ነው፤ ቡሌ ላይ ከ70 ብዙም አይበልጥም። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ለማካካስ ቱርቦውን አብዝቶ ያሽከረክራል። በዚያ ላይ ናፍታ ስትጨምሩበት አየሩ አይበቃውም፤ ያልተቃጠለው በጥቁር ጭስ ይወጣል፣ የጭስ ማውጫውም ሙቀት ይጨምራል። ከይርጋጨፌ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚወጣ መኪና ከፊታችሁ ሲኖር መስኮት ትዘጋላችሁ። ከመንገዱ ዳር ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች የሚዘጉት መስኮት የለም። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ብናኝ ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። በገጠር መንገዳችን የምናውቃቸው ብዙዎቹ ላንድክሩዘር ሃርድቶፖች ሞተራቸው ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ነው፤ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የለውም፣ ፖምፓውም ሜካኒካል ነው። ሳጥኑ የሚዋሸው ኮምፒውተር እዚያ ውስጥ የለም! ለእነሱ ያለው «ቱነር» መካኒኩ በመፍቻ የሚያዞራት የፖምፓ ብሎን ናት። «ፖምፓ መክፈት» ይሉታል፤ ጉልበት ይጨምራል፣ ጭስም ይጨምራል። ለእኛ ከፍታ የሚያስፈልገው የተገላቢጦሹ ነው፤ ፖምፓው በመፈተሻ ማሽን ላይ ወጥቶ፣ ኖዝሎቹ ታይተው፣ ለቀጭኑ አየር በሚመጥን መጠን መስተካከል። በነጭ ጋዝ የተበረዘ የሃይላንድ ናፍታ የጠጣ ፖምፓ ደግሞ ቶሎ ይበላል፤ ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍታው ነውና።

ዳገቱን በተመለከተ ከፊዚክስ ክፍል አንድ ወዳጄ ጋር ቁጭ ብለን አስልተነዋል። ሁለት ቶን ተኩል መኪና 1,200 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ፣ ሞተሩ ከናፍታው ኃይል ሲሶውን ይጠቀማል ብንል፣ 2.4 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። የጎማውና የነፋሱ መጎተት ሳይቆጠር ነው። ይህንን የትኛውም ሳጥን አይቀንሰውም። ክብደቱ ግን ይቀንሰዋል፤ 500 ኪሎ ካወረዳችሁ ግማሽ ሊትር ያህል በዚያ ዳገት ላይ ታተርፋላችሁ። አምቡላንስ ላይ ቦንዳ ጨርቅ፣ የቢሮ ወረቀት፣ ስብሰባ የሚሄድ ሰው ተጭኖ ያላየ እጁን ያውጣ።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ለሳጥኑ ድምፅ አልሰጥም። አንዱ ሳጥን 28,000 ብር ነው፤ በ99 ብር ሒሳብ ከ280 ሊትር በላይ ናፍታ፣ ማለትም 12 ጊዜ ሀዋሳ ደርሶ መልስ። እኔ የማቀርበው እንዲህ ነው። ከተዋጣው ገንዘብ ከፊሉ የአምቡላንሶቹ ፖምፓና ኖዝል በየተራ እንዲፈተሽ፣ የአየር ፊልትሮ እንዲቀየር፣ ጎማ በልኩ እንዲነፋ ይዋል። አቧራችንን የምታውቁት የፊልትሮው ነገር አይገርማችሁም። ሞተር አስነስቶ መጠበቅም ይቅር፤ ትልቅ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ይጨርሳል። የቀረው ገንዘብ ለወላድ ጉዞ ብቻ የሚውል የናፍታ መጠባበቂያ ይሁን፤ ወረዳው በጀቱ ሲያልቅ ስልክ ተደውሎ በዚያው ሌሊት የሚከፈል።

ይህን ሁሉ የምለው ግን በአንድ ሀይሉክስና በስሌት ላይ ተመሥርቼ ነው። የአምቡላንሶቹን ትክክለኛ ፍጆታ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ እስካሁን አላገኘሁም፤ ኩፖን አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ ኪሎ ሜትርና ሊትር ጎን ለጎን የተጻፈበት ግን የለም። እዚህ ያላችሁ የስታቲስቲክስ መምህራን አንድ ሁለት ተመራቂ ተማሪ ብትሰጡኝ በአንድ ዓመት እናውቀዋለን። ለየሾፌሩ የሚሰጥ ደብተር አሳትሜያለሁ፤ ቀን፣ የጉዞው ምክንያት፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ ማደያ የሚል አምስት ዓምድ ብቻ ነው ያለው። መመዝገቢያው ጠረጴዛ አጠገብ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። የግል መኪና ያላችሁም አንድ አንድ ብትወስዱ ደስ ይለኛል፤ በሚቀጥለው ዓመት ስንገናኝ ይዛችሁት ኑ። ድምፁ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጥያቄ ካለ እስከዚያው እዚሁ ነኝ።