ዳቦ ቆሎ፣ ዳንቴልና የራጊ ዱቄት
(በሳልሚያ፣ በአርብ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

 

ባለፈው ስለ ቁጠባ ስንነጋገር አንዲት እህታችን፣ «አርብ አርብ እንጀራ ስንጋግርና ዳንቴል ስንሠራ የምናጠፋው ጊዜ ምን ይጠቅመናል? ያው ለሆድ ነው» ብላ ነበር። ጥያቄዋን አልጠላሁትም። ኮሚቴው ደግሞ «ከድስት አጠገብ የማትጠፊው አንቺ ነሽ፣ አንቺው መልሺ» አለኝ። ንግግር አላውቅበትም፤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከእንጀራ ልጀምር። እዚህ ጤፍ ሲገኝም ውድ ነው፤ ከአገር ቤት በአውሮፕላን የሚመጣው እንጀራም ለበዓል እንጂ ለየቀን አይሆንም። ስለዚህ አብዛኞቻችን በፊኖ ዱቄት ነው የምንጋግረው። የፊኖ እንጀራ ነጭ ነው፣ ዓይንም ያወጣል፤ ግን በላሁ አያሰኝም። እኔ የምወደው ግኝት እዚሁ ሳልሚያ ከህንዶች ባቃላ መደርደሪያ ላይ የተገኘ ነው። «ራጊ» ይሉታል፣ ቡናማ ዱቄት ነው። ጎጃም ወይም ጎንደር ያደገች ሰው ፓኬቱን ከፍታ ብታሸተው ወዲያው ታውቀዋለች። ዳጉሳ ነው! ዳጉሳ የሚመስል አላልኩም፣ ራሱ ዳጉሳ ነው። ይህ እህል መጀመሪያ የተለመደው በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፤ ከሺህ ዓመታት በፊት ወደ ህንድ ተሻገረ። ህንዶቹ ይዘውት ኩዌት መጡ፣ እኛም መጣን፣ ሳልሚያ ላይ ተገናኘን። (ይህን ለባቃላው ሰውዬ ብነግረው «የኛ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ተውኩት።) እዚያው አጠገብ «ጆዋር» የተባለውን ታገኛላችሁ፤ እሱ ማሽላ ነው።

እኔ ሁለት ኩባያ ራጊ፣ አንድ ኩባያ ጆዋር፣ አንድ ኩባያ ፊኖ አደርጋለሁ። ፊኖው ለማያያዝ ነው፤ ያለ እሱ ከመጥበሻው ሲነሣ ይቆራረጣል። ለብ ባለ ውሃ አቡክታችሁ እርሾ ጨምሩበት። እርሾ የሌላት ካላት ትውሰድ፤ በትንሽ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል። ቀኑን ሙሉ ኤሲ በሚሠራበት ቤት ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። በሐምሌ በረንዳ ላይ ካስቀመጣችሁት ግን በማግስቱ ኮምጥጦ ይጠብቃችኋል፤ ከዚያ ካለፈ ማዳም በአፍንጫዋ ታገኘዋለች። አብሲቱን አትዝለሉ። ከሊጡ ጥቂት ወስዳችሁ በፈላ ውሃ እያማሰላችሁ አብስሉ፣ ሲቀዘቅዝ መልሱት፣ ኩፍ ሲል ጋግሩ። ምጣድ የለንም፤ የማይዝ ሰፊ መጥበሻ ከነክዳኑ ይበቃል። ሽታ ለማይወዱ ቤቶች ግን ቁሌቱን እዚህ አርብ ጨርሳችሁ በፕላስቲክ እቃ ብትወስዱት ይሻላል። ለቁሌት ብሎ ከማዳም ጋር መጣላት አያዋጣም።

ቅመም ደግሞ ከሙባረኪያ ገበያ ነው። እዚያ ስሙን በዐረብኛ ካላወቅሽ እቃው ፊትሽ ተከምሮ ታልፊዋለሽ። አብሽ «ሕልባ» ነው። ጥቁር አዝሙድ «ሐባ ሶዳ»። ድምብላል «ኩዝባራ»፣ እርድ «ኩርኩም»። ቅርንፉድን ኩዌቶች «መስማር» ይሉታል፣ ምስማር ማለታቸው ነው፤ መልኩን አንዴ ካያችሁ ስሙን አትረሱትም። ነጭ አዝሙድ ግን ህንዶች ዘንድ ነው፣ «አጅዋይን» በሏቸው። ለኮረሪማ ምትክ የህንዶቹን ትልቁን ጥቁር ሄል ሞክሬዋለሁ፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ለወጥ ያስኬዳል፣ ለቡና ግን አይሆንም። ጠላና ጠጅ አታስቡ፤ መጠጥ በዚህ አገር በሕግ የተከለከለ ነው፣ ጌሾ አስመጡልኝ ብላችሁም ሰው አታስቸግሩ። ትኩስ ብርዝ፣ አብሽ በሎሚ፣ ተልባ፣ እነዚህ ለበዓልም ለፆምም ይበቁናል። ረመዳን ላይ የወሎ እህቶቻችን የሚሠሩትን ሳምቡሳ ደግሞ እኔ ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ፤ ባለፈው ዓመት ለክርስቲያኖቹ ሳይደርሰን አለቀ።

አሁን ወደ ስጦታ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ከረር ልበል። አንዷ ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስትገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሻንጣዋን ነው። ስልክ፣ ሽቶ፣ ጫማ። ለአክስት፣ ለአክስት ልጅ፣ ለአክስት ልጅ ባል። እዚህ መንግሥት በ2016 ያወጣው የቤት ሠራተኛ ትንሹ ደሞዝ 60 ዲናር ነው፤ ከመካከላችን ከዚያ ብዙም ያልራቀ የምታገኝ አለች። ያን ገንዘብ በአንድ ቀን ሳሌም ሙባረክ መንገድ ላይ ባሉት ሱቆች አፍስሶ መሄድ ይቻላል። እኔ ለእናቴ በሁለት ክረምት ማታ ማታ የአልጋ ልብስ ዳንቴል ሠርቼ ላክሁላት። አልጋው ላይ አላነጠፈችውም፣ ቲቪው ላይ ነው ያለበሰችው፤ ቲቪው አይታይም ማለት ይቻላል። ሰው በገባ ቁጥር «ልጄ በእጇ የሠራችው» ትላለች አሉ። እዚያው ቤት የተላከው ሽቶ ለማን እንደደረሰ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ክር ውድ አይደለም። አል ራይ ያለው የጁምዓ ገበያ ብትሄዱ ያረጀ ሹራብ ታገኛላችሁ፤ ተርትራችሁ አጥባችሁ እንደገና መሥራት ነው። ከመካከላችን አንዷ የባቃላ ፌስታል በቀጭኑ ቀዳ፣ በስንደዶና በአክርማ ፈንታ በገመድ ላይ እየጠመጠመች ሙዳይ ትሰፋለች፤ ወስፌዋ የጆንያ መርፌ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ፌስታል የየትኛው ሱቅ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሙዳዩ ላይ ሲሆን ግን ያምራል። የረመዳን እኩሌታ ላይ የኩዌት ልጆች ግርግዓን ይላሉ፤ ልክ እንደኛ ቡሄ በየቤቱ እየዞሩ እየዘፈኑ ጣፋጭና ለውዝ ይቀበላሉ። የዚያን ትንሽ ከረጢት ለቤቱ ልጆች ሰፍታ የሰጠች እህት አለች። ልጆቹ ከተገዛው ይልቅ የእሷን ይዘው ወጡ።

ስለ እጅ ሥራ ካነሣሁ አይቀር፣ ወደ ከተማ ስትሄዱ በባሕሩ መንገድ ከብሔራዊ ሙዚየሙ አጠገብ ያለውን የሳዱ ቤት እዩት። ሳዱ የበዳዊን ሴቶች ሽመና ነው፤ ከበግ ሱፍ፣ ከግመልና ከፍየል ፀጉር ድንኳናቸውን የሚሠሩት እነሱ ነበሩ። ዩኔስኮ በ2020 የሳዑዲና የኩዌት ብሎ መዝግቦታል። እኔ በምሠራበት ቤት ያሉት አሮጊት፣ የማዳም እናት፣ ዳንቴሌን አይተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ሱፍ እንዴት እንደሚፈተል በጣታቸው አሳዩኝ። እናቴ ጥጥ ስትፈትል እንደምታደርገው ነው፤ እንዝርቱ ብቻ ይለያል። ከዚያ ቀን በፊት ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም ነበር።

ወደ እህታችን ጥያቄ ልመለስ። ለሆድ ነው ወዳለችው።

ከምሠራበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ከወሎ የመጣች ልጅ ነበረች። አርብ አትወጣም፣ ስልኳን ማዳሟ ይዛዋለች። በ2015 የወጣው 68 ቁጥር ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው እረፍት ይላል፤ እሷ ግን ሕግ መኖሩንም አልሰማችም። የማያት ቆሻሻ ስታወርድ ብቻ ነው፣ ያውም ሊፍቱ እስኪዘጋ። አንድ ቀን «በልተሻል?» ስላት «ሩዙ አልዋጥ አለኝ» አለችኝ። ቀሚሷ በየሳምንቱ ይሰፋባት ነበር።

በማግስቱ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ በአይስክሬም እቃ ሞልቼ በቆሻሻ ሰዓት ሰጠኋት። ዳቦ ቆሎ ፍሪጅ አይፈልግም፣ አይሸትም፣ ሻንጣ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። (ሌሊት ስትቆረጥሙት ግን ድምፅ አለው፣ ቀስ ነው።) ድርቆሹ ላይ ሙቅ ውሃና ትንሽ ዘይት ጠብ ካለበት ፍርፍር ነው። አገራችን ጎረቤት ምግብ የላከችበትን ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ሌላ ቢጠፋ ጨው ይደረግበታል። ልጅቷም በሳምንቱ እቃውን አጥባ መለሰችልኝ። ስከፍተው ውስጡ የታጠፈ ሶፍት አለ። በእስክሪብቶ የስልክ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከሥሩ «እናቴ ናት። ደህና ነች በይልኝ» ይላል።

ደወልኩ። እናትየው ከኩዌት መሆኔን ስትሰማ ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሰችኝም፤ «አስከሬኗ የት ነው?» ነው ያለችኝ። ከሦስት ወር ዝምታ በኋላ እናት ሌላ ምን ታስባለች? ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ፣ «ኧረ ዳቦ ቆሎ በልታለች» አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተንቀሳቀሰ። አጎቷ የውሏን ቅጂ ይዞ ወደ ላካት ኤጀንሲ ሄደ፣ ኤጀንሲው እዚህ ላለው መክተብ ደወለ፣ መክተቡ ከፊሉን ጠራ። በአንድ ቀን አልሆነም፤ ሁለት ወር ፈጀ። ስልኳ ተመለሰ። አርብ በየሁለት ሳምንቱ ትወጣለች፣ ሕጉ ከሚለው ግማሹ ነው፣ የቀረውን እየጠየቀች ነው። የውል ቅጂው ቤተሰብ ዘንድ ባይኖር ግን አጎቷ ምን ይዞ ይሄድ ነበር? ያላስቀመጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ።

አንዳንዶቻችሁ «እንጀራውን ለምን አንሸጥም?» ብላችኋል። ቪዛ 20 ላይ ያለች ሰው ከከፊሏ ቤት ውጭ እየሠራች ገንዘብ ከተቀበለች ሕግ ተላለፈች ነው፤ ተይዞ መባረር ያመጣል። ለእንጀራ ብለን ሰው አናስባርርም። እዚህ የምንጋግረውን እንበላለን፣ የተረፈውን ላልመጣችው እንልካለን፤ ስምና ዋጋ አይጻፍበትም።

ለሚቀጥለው አርብ እንግዲህ፤ ራጊውን እኔ አመጣለሁ፣ ፊኖና ዘይት ከማኅበሩ ነው። ድርቆሽ የምታደርቁ በረንዳ ላይ በነጭ ጨርቅ ሸፍኑት፣ አቧራው አይጣል ነው። ባዶ የአይስክሬምና የእርጎ እቃ አትጣሉ። በየሕንፃችሁ የማትወጣ ልጅ ካለች ፎቋን ብቻ ለጸሐፊያችን ንገሯት፣ ስም አያስፈልግም። በመልካም ፈቃድ እቃ የሚያደርስልን ሃሪስ የት የት እንዳለም ብትነግሩን ጥሩ ነው። እቃው ሲመለስላችሁ ደግሞ ሳታዩ አትጠቡት።